ሠላሳ ዘጠኙ ተመላሾች

አንድ ባለአውቶቡስ ነበሩ፤ ጋሽ ደምመላሽ ይባላሉ። በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ጀምረው ሠላሳ አራት ያደረሱ፣ የእያንዳንዱን ጎማ ዕድሜ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። የትኬቱን ሥራ በኮምፒውተር የምትመራላቸው ስንዱ የምትባል ባለሙያ ነበረች።

የበዓሉ ትኬት ሽያጭ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሊከፈት ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስንዱ ጉድ ገጠማት፤ አዲሱ የትኬት ፕሮግራም አልነሳም አለ። ቦታ የለም! የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ሥራቸውን ከጨረሱ ቆይተዋል በሚባሉ ፕሮግራሞች ተጣብበዋል። ቆጠረቻቸው፤ ሠላሳ ዘጠኝ። በአምስት ከተሞች መናኸሪያ ሕዝቡ ተሰልፏል። አዲሱን ፕሮግራም በበዓል እንጀምር ብላ የተከራከረችው ደግሞ ራሷ ናት።

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተች። የማጥፊያውን ትእዛዝ ጽፋ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሰደደቻቸው። ጠፉ! እልል ልትል ምንም አልቀራት። ዝርዝሩን እንደገና ስታይ ግን ሦስቱም ቁጭ ብለዋል። ተናደደችና ሠላሳ ዘጠኙንም በአንድ ትእዛዝ ጠረገቻቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነው ተመለሱ። ደገመች። ተመለሱ።

ጋሽ ደምመላሽ ከኋላዋ ቆመው ያዩ ነበር።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ውጡ ሲባሉ አይሰሙም እንዴ?»

«ሰዎች አይደሉም ጋሼ፣ ፕሮግራሞች ናቸው። ሦስት ጊዜ አባረርኳቸው፣ ሦስት ጊዜ መጡ።»

«ያው የድሮዎቹ ናቸው?»

ዕድሜያቸውን አየች፤ ስምንት ሰከንድ። «አይ፣ አዲሶች ናቸው።»

ጋሽ ደምመላሽ ሳቁ። «እንግዲያው በከንቱ ምን ያለፋሻል! ማነው የሚመድባቸው? እኔ ሹፌር ባባርር፣ መስመሩ በስምሪት ደብተሩ ላይ እስካለ ድረስ ስምሪት ክፍሉ ሌላ ሹፌር ይመድባል። ሹፌሩን ተይው፤ መስመሩን ሰርዢ!»

ስንዱ ግንባሯን መታች። ጥድፊያው አስረስቷት ነው እንጂ የምታውቀው ነገር ነበር። ከፕሮግራሞቹ ጀርባ ያሉትን ቋሚ ትእዛዞች ዘረዘረች፤ አሥራ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ «ምንጊዜም ሦስት ይኑሩ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላ ይተካ» ይላል። የጻፋቸውን ሰው ስም አየች። ስድስቱን የጻፈችው ራሷ ናት!

ልትሰርዝ እጇን ስታነሳ «ቆዪ፣ ቆዪ» አሏት። «እኔ መስመር የምዘጋው ተሳፋሪ እንደሌለው ቆጥሬ ነው።»

ቆጠረች። የአሥራ ሁለቱን ትእዛዞች ፕሮግራሞች ከወራት ወዲህ የነካቸው የለም። በአሥራ ሦስተኛው ግን የአንዲት ትንሽ ከተማ ቢሮ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሁለት ጥቅል ዕቃ መዝግቦበታል። እሱን ተወችው፤ አሥራ ሁለቱን ትእዛዞች ሻረች።

ሠላሳ ስድስት ፕሮግራሞች ከዝርዝሩ ወረዱ። ሁለቱም ዝርዝሩን እያዩ ጠበቁ። ስምንት ሰከንድ አለፈ። ሃያ ሰከንድ አለፈ። አልተመለሱም! ለሦስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው አዲሱ ፕሮግራም ተነሳ፤ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ትኬት ተቆረጠ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር የት ነው የተማሩት?» አለች ስንዱ እየሳቀች።

«መናኸሪያ!» አሏት።

ወዳጄ፣ ትናንት ያባረርነው ክፉ ልማድ ዛሬ ሌላ መልክ ይዞ ደጃችን ላይ የሚቆመው ጉልበት ስላነሰን አይደለም። ድሮ የሰጠነውና የረሳነው ትእዛዝ ገና ስላልተሻረ ነው። የመጣውን ከማባረርህ በፊት ማን እንደላከው ጠይቅ። ስትሽር ደግሞ ዛሬም የሚገለገልበት ሰው እንዳለና እንደሌለ ቆጥረህ ሻር። አንተስ፣ ስንት ጊዜ አባረርከው? ትእዛዙን የጻፈውስ የማን እጅ ነው?