ቦጋለ ትራክተር ሊገዛ ሄዶ

አንድ ቀን ቦጋለ የሚባል የሞጆ ገበሬ ትራክተር ሊገዛ ከቤቱ ወጣ። መሬቱ ከከተማው ዳር ያለች፣ ሽንኩርትና ፓፓያ የሚያለማባት ግማሽ ሄክታር ናት። እስከዚያ ድረስ የሚያርሳት በኪራይ ትራክተር ነበር። የኪራዩ ትራክተር ደግሞ መጀመሪያ ሰፋፊ ማሳ ያላቸውን ሲያገለግል ይከርምና፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ እየተጎተተ ይመጣል። አምና ጭራሽ መዞሪያ አጥቶ የደረሱትን ፓፓያዎች ረፍርፎበት ሄደ። ያን ቀን ቦጋለ፣ «ከእንግዲህ የሰው ደጅ አልጠናም፤ ትንሽም ብትሆን የራሴን እገዛለሁ» ብሎ ማለ።

አዲስ ይሁን ወይስ ያገለገለ በሚለው ግን ከሚስቱ ከእልፍነሽ ጋር ሳይስማሙ ሰነበቱ። እሱ አዲስ አማረው። እሷ፣ «ለአዲስ ብለህ ላሟን ልትሸጥብኝ ነው? እስቲ መጀመሪያ ያገለገለ እይ» አለችው። እሺ ብሎ ወደ አቶ አስፋቸው ግቢ ሄደ።

አቶ አስፋቸው መንገድ ዳር ተቀምጦ አሮጌ ትራክተር እየቀባ የሚሸጥ ሰው ነው። በትራክተር ብቻ አይደለም፤ በከብትም፣ በሕግም፣ በጨጓራ በሽታም ከእሱ ወዲያ አዋቂ የለም። ሰው የጀመረውን ንግግር የሚጨርሰው እሱ ነው። ቦጋለን ከእግር እስከ ራሱ አየት አደረገውና፣

«መሬትህ ምን ያህል ነው?» አለው።

«ግማሽ ሄክታር።»

«ግማሽ ሄክታር! እሷንማ ሚስትህ በማንኪያ ቆፍራ ትጨርሳት የለ!»

የግቢው ሠራተኞች አውካኩ። የቦጋለ ፊት ጋለ፤ ግን ያገለገለ ሊያይ ለእልፍነሽ ቃል ስለገባ ስድቧን ዋጥ አደረጋት።

«እኔ እንኳ አዲስ ብገዛ ብዬ...»

«አዲስ!» አቶ አስፋቸው አቋረጠው። «አዲስ የሚገዛ ሞኝ ነው። አዲስ ዕቃ ጸባዩን ማን ያውቀዋል? ይሄ ግን ስንት ማሳ ያረሰ፣ የተፈተነ ነው። ና እየው!»

ቀይ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ትንሽ ትራክተር አሳየው። ቦጋለ ነካ ቢያደርገው ጣቱ ቀላ።

«እስቲ ይነሳ» አለ።

አንዱ ሠራተኛ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ትራክተሩ እህህህ ብሎ ዝም አለ። ከጭነት መኪና ላይ ባትሪ አምጥተው አገናኙለት፤ አሁንም ዝም። «ተገፍቶ ይነሳል!» አለ አቶ አስፋቸው፣ ቅንጣት ሳያፍር። ሠራተኞቹ ተረባርበው ወደ ቁልቁለቱ ገፉት። ገዢው ቦጋለም ኮቱን አውልቆ አብሮ ገፋ። ትራክተሩ ተንደርድሮ ወረደና፣ ከታች ካለው ጉድጓድ ገብቶ አፍንጫውን ተክሎ ቀረ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ።

ሁሉም ላቡን እየጠረገ ከበበው። አቶ አስፋቸው ግን ምን በወጣው! ቀለሙ እጁን እንዳይነካው በመሐረብ ኮፈኑን መታ መታ እያደረገ፣

«ይሄ የባትሪ ነገር ነው፣ ተወው። አንተ ስለማታውቅ ነው እንጂ፣ ገዢ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። እነዚያ አዲሶቹ ነዳጅ ሲጠጡ ሰካራም ናቸው። ይሄ ግን፣ ልንገርህ፣ ጠብታ አይጠጣም!» አለው።

ቦጋለ ኮቱን አራግፎ ለበሰ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈና፣

«እሱንስ አመንኩዎት፣ አቶ አስፋቸው» አለ። «ሬሳ መቼ ጠጥቶ ያውቃል? ይልቅ ጉድጓዱን ራሱ መርጦ ከገባልዎ፣ ሳይመሽ አፈር ያልብሱት።»

ከገፊዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ነፍስ ይማር!» አለና ሰው ሁሉ እየሳቀ ተበተነ፤ ቦጋለም አዲስ ወደሚሸጥበት መንገዱን ቀጠለ።