ከትንሹ ባቡር ጀርባ የቆመው ተራራ

አንድ የባቡር ነጂ ነበር። ገብረየስ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ ከሰዓቱ ዘግይቶ ከጣቢያ የተነሣበት ቀን የለም። ተሳፋሪ ሻንጣውን ተሸክሞ እየሮጠ ቢመጣ፣ ሰዓቱ ከደረሰ ጡሩምባውን ነፍቶ ይነሣል። «ባቡር ሰው አይጠብቅም» ይል ነበር። አባባሉ በከተማው ከመለመዱ የተነሣ እናቶች እንቅልፍ የከበዳቸውን ልጆቻቸውን የሚቀሰቅሱት በዚሁ ነበር።

ዘመን አለፈ፤ ሐዲዱ ዛገ፤ ባቡሩም ቆመ፤ ነጂው ጡረታ ወጣ። እጁን አጣጥፎ ቤት መዋል ግን አልሆነለትም። ከቆርቆሮና ከእንጨት ትንሽ ባቡር ሠራ፤ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር አውጥቶ ገጠመለት። ከዚያ ሐዲድ አነጠፈ፣ ከዚያ ጣቢያውን ከነደወሉ ሠራ። ሳሎኑን በሙሉ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ያዘው። ሚስቱ ዘርትሁን፣ «አንድ ቀን ለኔም መቀመጫ ሲጠፋ ፉርጎው ላይ ታስቀምጠኛለህ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ዘርትሁን የተወለደችው ከጣቢያው ጀርባ ባለው ተራራ ሥር ነው። ያ ተራራ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። የድንጋይ ካባ ሆኖ ዶዘር ግማሹን በልቶታል፤ ሥሩ የነበሩት ቤቶችም ተነሥተዋል። የሷ ዓይን ደግሞ ከቀን ቀን እየደከመ ሄደ። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ ነገራቸው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ነጂው፣ ዓይኗ ሳይጠፋ ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቃት። አይታው የማታውቀውን ነገር፣ ምናልባት ባሕር ትለኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ተራራችንን እንደ ድሮው ሆኖ ባየው» አለችው።

«ታዪዋለሽ» አላት።

ነጂው አንድ ነገር ካለ አለ ነው። ጎረቤቶቹ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ የሚያሙት በዚሁ ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን የተራራ ሥዕል አሳትሞ ሊያቆም፣ ትንሹ ባቡርም በፊቱ እንዲያልፍ ወሰነ።

በመጀመሪያ የሄደው የሠርግና የምርቃት ባነር ወደሚያትመው ወደ ሙክታር ነው። ሙክታር ሥራ የበዛበት ሰው ስለሆነ ብዙ አላሰበበትም። «ጋሼ፣ ተራራ ተራራ ነው» ብሎ ከኮምፒውተሩ ውስጥ አናቱ በረዶ የለበሰ ተራራ አወጣና አተመለት። ለማየት እውነትም ያምር ነበር። ነጂው ግድግዳው ላይ ወጥሮ ሚስቱን ጠራት። ዘርትሁን ተጠግታ ብዙ አየችውና «ያምራል» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «የማን አገር ነው?» ብላ ጠየቀች። ነጂው ሥዕሉን አውርዶ ጠቀለለው።

ተመልሶ ሄደና የራሳቸውን ተራራ እንዲሥልለት ሙክታርን ለመነው። ሙክታርም ተራራው ስንት ጫፍ እንደነበረው ጠየቀ። ነጂው አላወቀውም። ስንት ዘመን በፊቱ ያለፈበት ተራራ ነው። ለሱ ግን የፍሬን ምልክት ነበር፤ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል ፍጥነት መቀነስ፣ ከመስኮቱ ሲያልፍ ጡሩምባ መንፋት፣ በቃ። አፈረ። ቤት ገብቶ ሚስቱን ቢጠይቃት እሷም ምንጩን፣ ቁልቋሉንና ፍየሎቹ ከፀሐይ የሚጠለሉበትን ዋሻ እንጂ ጫፉን በደንብ አታውቀውም። ተራራ ሥር ያደገ ሰው መቼ ቀና ብሎ ያያል።

እንግዲህ የቀረው ፎቶ መፈለግ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረ አልበም አስወጣ። ነገር ግን በነሱ ዘመን ጣቢያና ድልድይ ባለበት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ፎቶ የፈለገ ሁሉ ፎቶ ቤት ገብቶ በጨርቅ ላይ ከተቀባ ሐይቅና ነጭ ተራራ ፊት ይቆማል። ነጂው ባገላበጠው አልበም ሁሉ ያገኘው ይህንኑ ነው። የከተማው ሰው በሙሉ የራሱን ተራራ ውጭ ትቶ በተቀባው ፊት ቆሟል።

በየቤቱ የተነገረውም አንድ ነገር ነበር። ተራራው ሙሉ ሆኖ የሚታይበት አንድ ፎቶ ብቻ እንዳለ፣ እሱም ዋቅቶላ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነገሩት። ነጂው ይህን በሰማ ቁጥር አመስግኖ ወደሌላ ቤት ይሄዳል።

ዋቅቶላ በመጨረሻው ፉርጎ ተቀምጦ ፍሬን የሚይዝ ባልደረባው ነበር፤ የልብ ወዳጁም ነበር። ሲያገባ ሙሽራዋን ከዚያው ተራራ ሥር ወስዶ በባቡር ወደ ወላጆቹ አገር ሊሄድ ሆነ። ከሚዜዎቹ አንዱ የዘርትሁን ወንድም ሽብሩ ነበር። ሙሽሮቹ ተሳፈሩ፤ ሚዜዎቹን ግን የሙሽራዋ ዘመዶች በዘፈን ይዘው አልለቅ አሏቸው። ሰዓቱ ደረሰ። ነጂው ጡሩምባውን ነፍቶ ተነሣ። ሙሽራው ያለ ሚዜ፣ ለብቻው እንደተጣላ ሰው፣ አባቱ ደጅ ደረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሰላም አይባባሉም፤ በዕድር ድንኳን እንኳ አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላ ጫፍ ነው የሚቀመጡት። ሽብሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታሞ ሞተ። ዘርትሁን ባሏን አክብራ የዋቅቶላን ቤት ረግጣ አታውቅም። ስለዚያ ቀንም አንድ ቃል ተናግራው ስለማታውቅ ነጂው ረስታዋለች ብሎ ያስብ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውን ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም።

አንድ ቀን ዘርትሁን ጨው ነው ብላ ወጡ ውስጥ ስኳር ጨመረች። ነጂው ያን ወጥ በልቶ ጨረሰ። ከዚያ ኮቱን ለብሶ በቀጥታ ወደ ዋቅቶላ ቤት ሄደ።

በሩን የከፈተው ዋቅቶላ ራሱ ነበር። «ይግቡ» አለው። ድሮ አንተ እየተባባሉ ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ናቸው። ነጂው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ፎቶው ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ሙሽሮቹ በመጨረሻው ፉርጎ በረንዳ ላይ ቆመዋል፤ ፎቶ አንሺው ክልከላውን ሸሽቶ፣ ከፉርጎው ውስጥ ሆኖ ነው ያነሣቸው። ከኋላቸው ሐዲዱ፣ ጣቢያውና ተራራው ይታያሉ። ተራራውን ሲያይ የነጂው ልብ ዘለለ። ስለ ሚስቱ ዓይን፣ ስለገባላት ቃል፣ ስለ ሥዕሉም ሁሉንም ነገረው።

ዋቅቶላ ፎቶውን አወረደና መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ እንዲህ አለ።

«ያን ቀን የፉርጎው ፍሬን ከእጄ ሥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሳብከውም?»

«ብስበው ባቡሩ ይቆማል፤ ተጠያቂው ግን አንተ ነበርክ። የሚዜ ነገር ያልፋል ብዬ ተውኩት። ያላለፈልኝ ሌላ ነው። እስከዛሬ አንድ ቀን መጥተህ ‹እንዴት ደረሳችሁ?› አላልከኝም።»

ነጂው ስለ ሰዓትና ስለ ደንብ የሚለው ነበረው፤ ያን መልስ ዕድሜ ልኩን ተዘጋጅቶበታል። እዚያ ቤት ውስጥ ሲያስበው ግን ቀለለበት። «በድዬሃለሁ» አለ።

ዋቅቶላ ፎቶውን ሰጠው። ሲሰጠው አንድ ነገር ብቻ አሳሰበው። «እኔንና ባለቤቴን ከሥዕሉ አውጣን፤ እኛ ባቡሩ ላይ ነን። የሚሮጡትን ግን እንዳትነካቸው።» ነጂው የሚሮጡት እነማን እንደሆኑ አልገባውም። በፎቶው ላይ ከጣቢያው ፊት ጉንዳን የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ብቻ ነበር ያየው። ቢሆንም እሺ አለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው ወደ ሙክታር ሄዱ። ሙሽሮቹ ሲወጡ የተራራው መካከል ባዶ ስለሚቀር፣ ዋቅቶላ እርሳስ ይዞ የጎደለውን ሣለ። ጫፉ ሦስት ነው፣ መካከለኛው ወደ ግራ እንደ ተንበረከከ ግመል ጎበጥ ይላል አለ። እጁ አንዴም አላመነታም። ነጂ የሚመጣውን ያያል፤ በኋለኛው ፉርጎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የታለፈውን ሲያይ ይኖራል።

ሙክታር ፎቶውን በኮምፒውተሩ ላይ እያጎላ ሲሄድ ነጠብጣቦቹ ሰዎች ሆኑ። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሚዜዎች ከባቡሩ ኋላ ይሮጣሉ። ከሁሉም ቀድሞ የሚሮጠው ኮቱን በእጁ ጨብጦ፣ አፉን ከፍቶ ይጣራል። ሽብሩ ነበር። ነጂው የያዘውን ወንበር ጨበጠ። ሚዜዎቹ ዘፈኑ ጥሟቸው የቀሩ ይመስለው ነበር፤ ዞሮ ስላላየ መሮጣቸውን አያውቅም። ሙክታር ምንም ሳያውቅ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሥዕሉን ያበላሹብዎታል፤ ከሙሽሮቹ ጋር ላጥፋቸው?» አለ። ቢጠፉ የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ ሚስቱም ተራራዋን ታያለች። ዋቅቶላ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ተዋቸው» አለ ነጂው።

የመጀመሪያው ኅትመት እንደ ላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ አብለጨለጨ፤ ነጂው መለሰው። ሁለተኛው ተራራውን ከልክ በላይ አገዘፈና ጣቢያውን የአሻንጉሊት ቤት አስመሰለው፤ እሱንም መለሰ። ሙክታር ተበሳጨ። ነጂው ግን በየጠዋቱ ሱቁ ሳይከፈት ደጁ ላይ ይገኝ ነበር። ሦስተኛው በማያብለጨልጭ ወረቀት፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚያርፍበት ልክ ታተመ።

ሥዕሉን ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳርና ዳር ይዘው ግድግዳው ላይ ወጠሩት። ነጂው ማብሪያውን ጫነና ትንሹ ባቡር መዞር ጀመረ። ዘርትሁን ወንበሯን አስጠግታ ፊቷ ወረቀቱን እስኪነካ ድረስ ቀረበች። በጣቷ ጫፎቹን አንድ በአንድ ተከተለች። ምንጩ እዚህ ነው፣ ፍየሎቹ እዚህ ይጠለላሉ፣ የአባቴ ቤት ከዚህች ጥግ ጀርባ ነው አለች። እየሳቀች ነበር። ከዚያ ጣቷ ወደ ጣቢያው ወረደና ቆመ። ኮቱን የጨበጠውን ሰው ብዙ ዳሰሰችው።

«ሽብሩ ነው» አለች።

ትንሹ ባቡር ዙሩን ጨርሶ ወደ ጣቢያው እየተጠጋ ነበር። ዘርትሁን ዓይኗን ከወንድሟ ሳታነሣ ለባሏ እንዲህ አለችው።

«አቁምለት።»

ነጂው ማጥፊያውን ተጫነ። ባቡሩ ከሚሮጡት ሰዎች ፊት ቆመ። ነጂው ሰዓቱን አላየም። ዘርትሁን «በቃ፣ አሁን ሂድ» እስክትለው ድረስ ጠበቀ።

ወዳጄ ሆይ፣ ባቡር ሰው አይጠብቅም የሚባለው እውነት ነው፤ ነጂው ግን መጠበቅ ይችላል። ዓይኑን ከፊቱ ብቻ የተከለ ሰው በሰዓቱ ይደርስ ይሆናል፤ ያለፈበትን ተራራ ቅርጽና የሚጠራውን ሰው ድምፅ ግን ከኋላው ጥሎ ነው። የጣልነውን ይዘው የሚቆዩልን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያስቀየምናቸው ሰዎች ናቸው። የምንፈልገው ነገር እነሱ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን እያወቅን ሌላውን ቤት ሁሉ እናንኳኳለን። እርስዎስ ሰዓት ደረሰ ብለው ሲነሡ፣ ከኋላ ኮቱን በእጁ ይዞ ይሮጥ የነበረው ማን ነው?