የግራዝማች ጠበል

ግራዝማች አጥናፍሰገድ ለኡራኤል ድግስ አገሩን ሁሉ «ጠበል ቅመሱ» ብለው ጠሩ። እንግዳው ከጠላው ሲበዛባቸው ግን በየጋኑ ውሃ አስጨመሩበት። ጠላው ቀጥኖ ቀጥኖ የዋንጫው ቂጥ ወለል ብሎ ይታይ ጀመር።

ግራዝማች ይህ መች አሳፈራቸው! «የእኔ ጠላ እንደ ሌላው ጉሮሮ አይይዝም፤ ራስም አያዞር!» እያሉ ይኩራራሉ። እንግዳውም ጅራፋቸውን አየት እያደረገ «እውነት ነው ጌታዬ!» ይላል።

አንድ ምላሰኛ ሸማኔ ብቻ ቀመስ አድርጎ ዝም አለ። ግራዝማች አዩት።

«አንተ፣ ጠላዬን ፍረድ እንጂ! ብትዋሽ ኡራኤል ይፍረድብህ፤ ብታንቋሽሽ ደግሞ እኔ እገርፍሃለሁ።»

ሸማኔው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እንደ እርስዎ ቃሉን የሚያከብር ሰው አላየሁም። ሌላው ሰው ጠበል ቅመሱ ብሎ ይጠራንና ጠላ ያጠጣናል። እርስዎ ግን ጠበል ብለው ጠሩን፤ ጠበሉን አጠጡን።»

ይህን ብሎ ጋቢውን ከትከሻው ገፈፈና አንገቱን ወደ ጠላ ቀጂው ዘንበል አደረገ።

«በል ወንድሜ፣ ወገቤን ያመኛልና በቀረው አጥምቀኝ።»