የፊታውራሪ ግማሽ መነጽር

ፊታውራሪ ደምስስ አደን መውጣት እንጂ ገንዘብ ማውጣት አይወዱም ነበር። አንድ ቀን ስንቃቸውን፣ ድንኳናቸውንና ትራሳቸውን ሳይቀር በጀርባው የሚሸከምላቸውን አዳኝ ጠርተው ጥቂት ብር ሰጡትና፣ «ለመሸከም የማይከብድ፣ የአጋዘኑን ሽፋሽፍት ከወንዝ ማዶ የሚያሳየኝ የሩቅ ማያ መነጽር ገዝተህ ና» አሉት።

አዳኙ ገበያውን ሁሉ ዞረ። ጥሩው መነጽር ውድ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ዛፉንም አጋዘኑንም ጭጋግ ያስመስላል። ግራ ቢገባው ነጋዴውን ለምኖ ጥሩውን ከመሐል አሰነጠቀና አንዱን ጎን ብቻ ይዞ ተመለሰ።

ፊታውራሪ በሎሌዎቻቸው ፊት አገላብጠው አዩት።

«ሌላው ግማሽ የት ሄደ?»

«ገበያ ቀረ፣ ጌታዬ። የሰጡኝ ብር እሱ ጋ አልደረሰም።»

«አንተ ባለጌ! አንድ ዓይና ልታደርገኝ ነው? ንጉሥ ይሙት! ሁለቱ እንደማያስፈልጉኝ አሁን በዚህ ሰው ፊት ካላስረዳኸኝ፣ ጠመንጃህን ታስረክባለህ!»

ጠመንጃው የልጆቹ እንጀራ ነበር። አዳኙ ማንገቻውን ጨበጥ አድርጎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ሌላው አዳኝ ሲተኩስ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። እርስዎ የሚጨፍኑት ሁለቱንም ነው።»

ሎሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ፊታውራሪ ደማቸው ፈላና ሳያስቡት፣ «ታዲያ አንዱንስ ለምን ገዛኸው?» ብለው ጮኹ።

«እሱ የኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ አዳኙ። «እርስዎ መተኮስ ሲጀምሩ አንድ ተራራ ርቄ ነው የምቆመው።»