የአሰልጣኙ እግር

አንድ ሰው መኪና መንዳት ይማር ነበር። ዕድሜው አርባን አልፏል። በወረዳው ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሹፌርነት ቦታ ተገኝቶለት፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ና፤ አለዚያ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» ተብሏል። ሚስቱ ቀን ትቆጥራለች።

የሚማርባት መኪና ማርሿ በእጅ የሚቀየር አሮጌ ፒካፕ ናት። የመለማመጃ መኪና ደግሞ ታውቃላችሁ፣ በአሰልጣኙም በኩል ፍሪሲዮንና ፍሬን አላት። አሰልጣኙ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው።

ሜዳ ላይ ሰውዬው ደህና ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ሲያስነሳ ግን ሞተሩ ድርግም! ዛሬም ድርግም። በነጋታውም ድርግም።

ይህንን ለጎረቤቱ ቢያጫውተው ጎረቤቱ ሳቀበት። «አንተ የዋህ! አሰልጣኝህ ከታች ፍሬን እየያዙብህ ነው እኮ! ቶሎ ካለፍክ ማንን ሊያሰለጥኑ ነው? ጠርጥር፣ ከገንፎም መሐል አለ ስንጥር!»

እንዲህ ያለ ጎረቤት የላችሁም? ነው ወይስ ጎረቤቱ እናንተው ናችሁ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውዬው ዓይን ከመንገዱ ላይ ተነሣ። ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ መልቀቅ ሲገባው፣ አንገቱን ቆልመም አድርጎ የጋሽ ዘርጋውን እግር ይሰልላል። አንገቱ ሲዞር የራሱን እግር ይረሳል። ፍሪሲዮኑ ያመልጠዋል፣ ሞተሩ ድርግም ይላል። በዚያው ቅጽበት የጋሽ ዘርጋው እግር ፍሬኑ ላይ ያርፋል። «ያዝኩት!» ይላል በልቡ። ስንጥሩን ሲፈልግ ገንፎው ቀዘቀዘበት።

በመጨረሻ አልቻለም። መኪናዋን ዳገቱ ሥር አቆመና፣ «ጋሽ ዘርጋው፣ አይቀየሙኝ፤ እግርዎን ከዚያ ያንሡልኝ» አላቸው።

«የትኛውን እግር፣ ልጄ?»

«ሁለቱንም።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ ሰበሰቡና፣ «በል ዳገቱን ውጣ» አሉት።

ወጣ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመ። ሊያስነሳ ሲል አንገቱ እንደ ልማዱ ዞረ። እግራቸው እንደታጠፈ ነው። ሞተሩ ግን ድርግም አለ! መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ እየወጣ ነው፤ ጋሪው ላይ አንዲት እናት ተቀምጣለች። ሰውዬው ደንግጦ ደረቀ። ጋሽ ዘርጋው ተወርውረው የእጅ ፍሬኑን ሳቡት። መኪናዋ የፈረሱን አፍንጫ ልትነካ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ጋሽ ዘርጋው ጫማቸውን እያጠለቁ እንዲህ አሉት፤ «እግሬን አይተሃል፣ አልተሳሳትክም። እኔ የምረግጠው ግን ሞተሩ ከጠፋብህ በኋላ ነው፤ ወደ ኋላ ሄደህ ሰው እንዳትጨርስ ብዬ።»

ወገኖቼ፣ ሰውዬው እግር አይቷል። የቱ እንደቀደመ ግን አላየም።

ከዚያስ ተማረ? እሱ ተማረ፤ አንገቱ ግን አልተማረም። በፈተናው ቀን ዳገቱ ላይ አንገቱ ወደ ፈታኙ እግር ዞረ። ድርግም! ወሩ ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ፈተና አለፈ። ዛሬ መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አምቡላንሱን ግን ሌላ ሰው ይነዳዋል።

እኔም ከዚህ ሰው አልሻልም። አንድ እሑድ አንድ ሽማግሌ ስብከቴን በመሐል አስቆሙኝ። «ቀንተውብኝ ነው» ብዬ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፈግኋቸው። ለካ ከኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እናንተስ? ባላችሁ ዝም ሲል ምን ጠረጠራችሁ? አማታችሁ ስትመክር ምን ጠረጠራችሁ? መንገዳችሁ ሲዘጋ «እግዚአብሔር ያዘብኝ» አላችሁ። አዎ፣ ይዟችኋል። ግን ሞተሩን ያጠፋው ማን ነው? የያዛችሁስ ወዴት ስትንሸራተቱ ነው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ የማንን እግር ልትሰልሉ ነው? ያንን ሰው ጫማ ከማስወለቃችሁ በፊት የራሳችሁን እግር እዩ። ከኋላችሁ ጋሪ አለ፤ ጋሪው ላይ እናት ተቀምጣለች።