የደረበ አሮጌ ስሪት

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የሆነውን ላውራችሁ።

ዘርፌ የምትባል እናት ነበረች። ሕፃን ልጇ ሞታባታለች። ስልኳ ግን በየማለዳው ይጮሃል፦ «ልጅዎ ማርያማዊት ዛሬ የክትባት ቀኗ ነው። ይዘዋት ይምጡ።» ዘርፌ የሚደውለውን ፕሮግራም ለጤና ጣቢያው ወደሠራው ቢሮ ደወለችና «እባካችሁ ልጄን አትጥሩብኝ» አለች። የፈለገችው ይህችን ብቻ ነው።

ስልኩን ያነሳችው የቢሮው ሠራተኛ ትርሲት ነበረች። ጥሪውን ልታቆም ሞከረች፤ አልቆም አለ። ኡመር ዘንድ ሄደች። ኡመር የቢሮው ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩትን ኮድ የሚጠብቅ ሰው ነው።

«ኡመር፣ ጥሪው አልቆም አለ፤ ጥሪው ካልቆመ እናቲቱ አታርፍም።»

«የሞቱትን የሚለይ አዲስ የኮድ ስሪት እኮ አውጥቻለሁ» አለ። «የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ፕሮግራም ግን አሮጌውን አልለቅ ብሏል። ጥሪው የሚታዘዘው ከካርዱ ስለሆነ፣ እሱ ካልለቀቀ ጥሪውም አሮጌውን አይለቅም።»

ሁለቱም ሐዊ ዘንድ ሄዱ። የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም የያዘችው እሷ ናት።

«ሐዊ፣ ካርዱ አሮጌውን ስሪት አልለቅ አለ፤ ካርዱ ካልለቀቀ ጥሪው አይቆምም፤ ጥሪው ካልቆመ እናቲቱ አታርፍም።»

ሐዊ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ሁልጊዜ ወደ አዲሱ ቀይሬው ነው የምወጣው። ጠዋት ስገባ ተመልሶ አገኘዋለሁ።»

«ማነው የሚመልሰው?»

ስክሪኑን አዞረችላቸው። ከለውጡ ጎን ስም ተጽፏል፦ ደረበ።

ባልደረባቸውን ደረበን ግን በጥር ቀብረውታል።

ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከተቆለፈው የደረበ ክፍል፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ደረበ በሕይወቱ ሳለ፣ ካርዱ እንዳይበላሽ ብሎ፣ አሮጌውን ስሪት በየንጋቱ እንዲመልስ አዝዞት ነበር። ትእዛዙን የሻረው የለም። ቁልፉ ያለው ኃላፊያቸው ጋሽ ምትኩ ዘንድ ነው፤ የሟቹ የልብ ወዳጅ።

ሦስቱም ሄዱ። «ጋሼ፣ ክፍሉ ካልተከፈተ ኮምፒውተሩ አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ካልጠፋ ካርዱ አሮጌውን ስሪት አይለቅም፤ ካርዱ ካልለቀቀ ጥሪው አይቆምም፤ ጥሪው ካልቆመ እናቲቱ አታርፍም።»

«አልከፍትም» አሉ ጋሽ ምትኩ። «በዚያ በር ሳልፍ ድምፁን እሰማለሁ። ደረበ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ካጠፋሁት፣ በቃ፣ ሞተ ማለት ነው።»

ትርሲት ለዘርፌ ደወለችና ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ምትኩ እባላለሁ። የሚጠራሽ የወዳጄ ማሽን ነው፣ እህቴ። ማጥፋት አቃተኝ።»

ዘርፌ መለሰች። «ስልኩ ሲጮህ ከእንቅልፌ ባንኜ ወደ አልጋዋ እሮጣለሁ፣ ጋሼ። የለችም። በየማለዳው እንደ አዲስ ትሞትብኛለች።»

ጋሽ ምትኩ ተነሱ። በሩን ሲከፍቱት ትኩስ አየር ፊታቸውን መታው። የደረበ ጃኬት ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ስክሪኑ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፊደል ይሮጣል።

«ደሬ፣ በቃህ። አሁን እረፍ» አሉና ገመዱን ነቀሉት።

ኮምፒውተሩ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ካርዱ አሮጌውን ስሪት ለቀቀ፤ ካርዱ ቢለቅ ጥሪው አዲሱን ያዘ፤ ጥሪው አዲሱን ቢይዝ የሞቱትን ለየ፤ የሞቱትን ቢለይ የዘርፌ ስልክ ዝም አለ። ዘርፌም ፀሐይ እስክትሞቅ ተኛች።

ጋሽ ምትኩ ግን በዚያ በር ሲያልፉ ዛሬም ቆም ብለው ያዳምጣሉ። ምንም የለም።

የእኔ ወሬ እዚህ አበቃ፤ ለእናንተም ሰላም ያለው ማለዳ ይስጣችሁ።