የማስነሻው ስም

አንዲት ነገር አዋቂ ሴት ከየአገሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆና ኮምፒውተር ሲበራ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚቀሰቅስ ማስነሻ ፕሮግራም ትሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያርመዋል፣ የፈለገ ይጨምርበታል። የጡረታ ጊዜያቸው አልፎም ከወንበራቸው ያልተነሱት የመሥሪያ ቤቷ አለቃ አቶ ደርበው ግን አንዲት ፊደል ሳይጨምሩበት ቢሯቸው አስጠሯትና፣ «ይሄ ማስነሻ ከዛሬ ጀምሮ ‹ደርበው› ተብሎ ይጠራ። እምቢ ካልሽ ሥራሽን ልቀቂ» አሏት።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ እኔስ ደስ ባለኝ» አለቻቸው። «ነገር ግን የማስነሻ ሥራው ሌላውን አስነስቶ ቦታውን መልቀቅ ነው። በእርስዎ ስም ከተጠራማ እሱን ራሱን ማን ያስነሳዋል?»